የጨፋን ቃል ማን ይሸከማል

መኪናዎቹ ከሸዋ ሮቢት ወዲህ ፍጥነት ጨምረዋል። ፊት ፊት የሚሄደው የፖሊስ ፒክአፕ አህያም ይሁን ባጃጅ ሳይለይ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ከኋላው ሦስት ነጫጭ ላንድክሩዘሮች ተከታትለው ይከንፋሉ። በመካከለኛው መኪና ውስጥ የተከበሩ ኑርሁሴን መቀመጫው እሾህ ያበቀለበት ይመስል ይቁነጠነጣል። «የተከበሩ» የሚባለው በምክር ቤቱ ወግ ነው። እኛ ግን የከሚሴን ከብት ሲያክም፣ እጁን እስከ ክንዱ ላም ውስጥ ከትቶ ጥጃ ሲያዋልድ ስለምናውቀው በስሙ ብንጠራው አይከፋውም።

ያ ምክር ቤት ሦስተኛ የሥራ ዓመቱን በጀመረበት ኅዳር ላይ ነን። ማሽላው እየተቆረጠ ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ አገዳው ተከምሯል። ኑርሁሴን ግን የሚያየው ነገር የለም። አንዴ መስታወቱን ያወርዳል፣ አንዴ ይዘጋል፤ አንዴ የአንገት ካርዱን ያወልቃል፣ ደግሞ መልሶ ያጠልቃል። አጠገቡ የተቀመጡት የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የተከበሩ ወይዘሮ ብፅዓት፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ረቂቅ አዋጁን ያነባሉ። በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ እያነበቡ የማያቅለሸልሻቸው እሳቸውን ብቻ ነው።

«የተከበሩ ኑርሁሴን፣ ያ መስታወት ምን አደረገዎት?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ይቅርታ ክብርት ሰብሳቢ፤ ሞቆኝ ነው።»

«ሕዝቤ ይናገራል ብለውኛል።»

«ይናገራል እንጂ! አጎቴን አባ ጀይሉን ስለማያውቋቸው ነው። እሳቸው አንዴ ከጀመሩ የሚያስቆማቸው አዛን ብቻ ነው።»

ሹፌሩ ይበልጣል ከት ብሎ ሳቀ። ሰብሳቢዋ አልሳቁም፤ ገጹን ገለጡ።

የኑርሁሴን ጣጣ የረቂቁ አንቀጽ አሥራ አራት ነው። ለስድስት ወራት ከብት ያልተሰማራበት የወል ግጦሽ እንደ ባዶ መሬት ተቆጥሮ ለአልሚ ይሰጣል ይላል። አዲስ አበባ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ ውስጥ ሲነበብ ይህን የመሰለ ቅን ነገር የለም። ለጨፋ ግን ሞት ነው። በቦርከና ዳር የተኛው የጨፋ ሣር ከክረምት እስከ መኸር ተከልሎ ይከርማል፤ ሰዉ ከብቱን ወደ ተረተሩ ያወጣል። ሣሩ የሚበላው በበጋ ነው፣ ቆላው ሲነድ። የሚያርፍባቸው ወራት ቢቆጠሩ ስድስት ይሞላሉ፤ ማለትም በአዋጁ ቋንቋ ጨፋ ባዶ ነው።

ኑርሁሴን ይህን ለኮሚቴው ሲለፈልፍ ከረመ። ሰሚ አጣ። በመጨረሻ ወይዘሮ ብፅዓት፣ «እሺ፣ ከሚሴ ወርደን እንጠይቃለን። ባለቤቶቹ ከተቃወሙት አንቀጹን እናወጣዋለን። ካልተቃወሙት ሐሙስ እንዳለ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ ሌላ ክርክር አልሰማም» አሉ። እሳቸው ደግሞ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

የአባላት አስተባባሪው አቶ ይግዛውም ከመንገዱ በፊት ስልክ ደውሎ መክሮት ነበር። «ሕዝቡ ከተናገረ የሕዝብ ነው፣ ግድ የለም። አንተ ግን ለብቻህ አንገትህን እንዳታወጣ። የልዩነት ሐሳብ የሚያስመዘግብ ሰው በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ አይሆንም። ወንድሜ ስለሆንክ ነው የምነግርህ።» ከእንዲህ ያለ ወንድም ይሰውራችሁ።

የከሚሴ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ኑርሁሴን ይህን ሲያይ ልቡ ዘለለች። መድረኩ ላይ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ ማይክሮፎኑ በነካኩት ቁጥር ያፏጫል። ከፊት ለፊት ሽርጥ ያገለደሙ፣ ኮፍያ ያጠለቁ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። መካከላቸው አባ ጀይሉ አሉ። ወይዘሮ ብፅዓት አንቀጹን አነበቡ። ኑርሁሴንም ወደ ኦሮምኛ ተረጎመው፤ ሲተረጉም «ለአልሚ ይሰጣል» የምትለውን ሁለት ጊዜ ደገማት።

«አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ» አሉ ሰብሳቢዋ።

አንድም እጅ አልወጣም።

አንዱ ተነሥቶ ስለ መብራት መቆራረጥ ተናገረና ተቀመጠ። ሌላው ከኋላ፣ ልማትን የሚጠላ እንደሌለ አስረድቶ ሊያጨበጭብ ሞከረ፤ ተከታይ ስላጣ እጁን ኪሱ ከተተ። ኑርሁሴን ላብ አጠመቀው። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ እነሱም በፍቅር መልሰው አዩት። ሥርዓቱን ጥሶ በራሱ ጊዜ ማይክሮፎኑን ያዘ።

«አባ ጀይሉ፣ እስቲ አንቱ ይናገሩ።»

ጀይሉ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እንግዶቻችን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ያረቢ፣ የመጣችሁበትን ኸይር ያድርገው። መንገዳችሁን ያቅናው። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።» አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሚን!» አለ። ጀይሉ ተቀመጡ። ንግግሩ አለቀ።

ወይዘሮ ብፅዓት ዞር ብለው ኑርሁሴንን አዩት። በዓይናቸው ውስጥ ንቀት ቢኖር ይሻለው ነበር፤ የነበረው ግን ኀዘኔታ ነው። «እንግዲህ አንቀጹን የተቃወመ የለም» ብለው መድረኩን ዘጉ።

ኑርሁሴን ከመድረኩ ሲወርድ የፕላስቲክ አበባውን ጥሎ አለፈ። አጎቱን የደረሰባቸው ባጃጅ ተራው ዘንድ ነው።

«አጎቴ! ምን በድዬ ነው እንዲህ ያዋረዳችሁኝ?»

«ነጋያ፣ ኢልማ ኮ? አዲስ አበባ ሰላምታ ተወደደ እንዴ?»

«ሰላምታው ይቆይልኝ! ሐሙስ እኮ ነው! ሣሩ ሊሄድ ነው!»

«ሰምተናል። በሁለት ቋንቋ ነው ያሰማኸን። አሳምረህ ተርጉመኸዋል፣ ማሻአላህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

ጀይሉ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉት። «ያዮ የት አለ?»

ኑርሁሴን ወደ አዳራሹ ዞሮ አየ።

«ያዮ የት አለ ነው የምልህ። በጋ በጋ ሣሩን ከእኛ ጋር የሚበሉት ወንድሞቹስ? አዳራሹ ውስጥ ፈልጌ አጣኋቸው። ዓይኔ ደክሞ ይሆን?»

ያን ጊዜ ኑርሁሴን ምን እንዳደረገ ገባው፤ ፊቱም ጋለ። የጀይሉ አያትና የአፋሩ የያዮ አያት በዚያ ሣር የተነሣ ደም ተቃብተው ነበር። ሲታረቁ ወተት በአንድ ዕቃ ጠጥተው ተማማሉ፤ ከዚያ ወዲያ የጨፋን ሣር ነገር አንዱ ሌላው በሌለበት አያነሣም። መክሰስ ቢሆን፣ ማከራየት ቢሆን፣ ማመስገን እንኳ ቢሆን ሁለቱም ባሉበት ነው። ለብቻው ያወራ የሰው ሐቅ በልቷል። ኑርሁሴን ይህን ያልሰማበት ቀን የለም፤ በልጅነቱ ጨፋ ላይ ኳስ ሲጫወት እንኳ የአፋር ልጅ ከሌለ ስለ ሣሩ አይወራም ነበር። ስብሰባውን ሲያዘጋጅ ግን የሴቶችን ማኅበር ጠራ፣ ነጋዴውን ጠራ፣ ዕድሩን ሳይቀር ጠራ። አፋሮቹን ማን ይጥራ ሲባል፣ «እነሱ የሌላ ክልል ናቸው፤ ሌላ ፕሮግራም ይያዝላቸው» አሉት የዞኑ ሹሞች። እሱም እሺ አለ። የሚገርመው ይኸው እሺታው ነው።

«ረሳሁት» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ግን አጎቴ፣ ለዛሬ ብቻ አንዲት ቃል ብትተነፍሱ ምን ነበረ? ኋላ ያዮን አፉ በለን እንለው አልነበር?»

«ሐቅ በልቼ ባቆየሁት ሣር ላሜን ባበላት፣ ወተቷ ሐላል ይሆንልኛል?»

በመካከላቸው የገባችው የጀይሉ ልጅ ፋጡሜ ናት። ፋጡሜ ሰንበቴ ገበያ ላይ ፍየል በመነገድ የታወቀች፣ ምላሷ ከወንዶቹ ምላስ ይልቅ የሚፈራ ሴት ናት። «ሁለታችሁም እዚሁ ቆማችሁ ልትመሹ ነው?» አለች። «ነገ እሑድ አይደል? የሰንበቴ ገበያ ነው። ያዮ ግመል ሊሸጥ ይወጣል። አሁን ወደ ቆላ የሚመለሱ ሰዎች አሉ፤ በእነሱ ቃል እልካለሁ። አንተ ያቺን ባለ መነጽር ሴትዮ አምጣ። አብሽር።»

አብሽር ማለት ቀላል ነው። ኑርሁሴን ሆቴል ሲደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ወይዘሮ ብፅዓት ሽሯቸውን እየበሉ ሰሙት። ሳያቋርጡ፣ ሳይቆጡ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ይህም አላረጋጋውም።

«ሁለት አባላት ጧት ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይሄዳሉ» አሉ። «እነሱ ከሌሉ ምልዓተ ጉባዔ የለም። ያለ ምልዓተ ጉባዔ የምሰማው ነገር የገበያ ወሬ ነው እንጂ የኮሚቴ መድረክ አይደለም።»

«ሰንበቴ መንገዳችን ላይ ናት፣ ክብርት ሰብሳቢ። ጎማ ለማየት እንኳ ይቆማል።»

ጥግ ላይ ምስር የሚበላው ይበልጣል፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «የኋላው ጎማ እውነትም አላማረኝም» አለ።

ሰብሳቢዋ ተራ በተራ አዩአቸው። «አንድ ሰዓት ብቻ እንቆማለን። ግን አንድ ነገር ይወቁ። እዚያ የሚባለው በኮሚቴው ስም አይገባም። ምክር ቤቱ ፊት የሚደርሰው አንድ አባል በራሱ ስም የልዩነት ሐሳብ ብሎ ካስመዘገበው ብቻ ነው። ያ አባል ማን እንደሚሆን ያስቡበት።»

ኑርሁሴን ሲያስብበት አደረ ማለት ሐሰት ነው፤ ሲሸሸው ነው ያደረው። ወንበሩን አሰበ። አዲስ አበባ ትምህርት የጀመሩ ልጆቹን አሰበ። ከሁሉ ይልቅ ሚስቱን ሙናን አሰበ፤ ወደ ከሚሴ እንመለስ ቢላት ምን እንደምትለው ያውቃል። ምናልባት ሰብሳቢዋ ልባቸው ይራራ፣ ምናልባት ሌላ አባል ይነሣ፣ ምናልባት ያዮ ሳይመጣ ይቀር ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያሰባት ነገር አሳፈረችው።

ያዮ መጣ።

የሰንበቴ ገበያ በእሑድ ቀትር ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። የግመሉ ግሳት፣ የፍየሉ ጩኸት፣ የደላላው መሐላ አንድ ላይ ይነሣል፤ አቧራው ደግሞ ተሿሚም ተራም አይለይም። ላንድክሩዘሮቹ ከብት ተራው ጫፍ ላይ ቆሙ። ፋጡሜ ከአንዱ ሱቅ ሦስት ወንበር ለምና አምጥታለች፤ የተቀመጠባቸው ግን የለም። ያዮ፣ ቀጭን፣ ጢሙ በሒና የቀላ ሽማግሌ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ስለነበር ጀይሉም መሬት ተቀመጡ። ወይዘሮ ብፅዓት ቀሚሳቸውን ሰበሰቡና እሳቸውም አቧራው ላይ ዱብ አሉ። ሰዉ ይህን ሲያይ ከግመሉ እየተለየ መክበብ ጀመረ።

ኑርሁሴን ሰዓቱን አየ። «አባ ያዮ፣ ጊዜ የለንም፤ ነገሩ...»

«ቆይ!» አለ ያዮ። «ዳጉ መጀመሪያ።»

አፋሮች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ከራስ እስከ እግር ሳይነጋገሩ ወደ ጉዳይ አይገቡም፤ ዳጉ የሚሉት ይኸው ነው። ዳጉ ላይ የሚዋሽ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ሰው አይባልም። ያዮ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረ። ከየት እንደመጡ፣ መንገድ ላይ ምን እንዳዩ፣ አገራቸው ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ፣ ከብቱ እንዴት እንደ ከረመ ጠየቃቸው። ኑርሁሴን በቁሙ ተቃጠለ። ከአንዱ ሰዓት ሩብ ያህሉ በዝናብ ወሬ አለቀ።

ወይዘሮ ብፅዓት ግን መለሱ። የመንዝ ልጅ ናቸው። ውርጩ የአባታቸውን ገብስ እንዴት እንደ መታው፣ ወንድማቸው በጎቹን እንዴት እንደ ሸጠ ለዚያ ሽማግሌ አወሩለት። በሁለት ዓመት የኮሚቴ ሥራ ኑርሁሴን አባት እንዳላቸው እንኳ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ያዮ ተነሣ። ጀይሉም ከዘራቸውን ተደግፈው አብረውት ተነሡ። «ያዮ ይኸው አለ» አሉ ጀይሉ። «አሁን የጨፋ ነገር ይነሣ። ወላሂ፣ ትናንት አፌ ታሞ አልነበረም።»

«እኔ የምለው ይህ ነው» አለ ያዮ፣ አማርኛውን እየመረጠ። «ሣሩን ሰው ስለሌለበት ባዶ አላችሁት። ባዶ አይደለም፤ እኔን እየጠበቀ ነው። ከክረምት እስከ ኅዳር ጀይሉ ይጠብቅልኛል፤ ላሙ እየራባት አያስገባትም። በበጋ እኔ እመጣለሁ፣ አብረን እንበላለን። እናንተ ስታጥሩት ከብቴ አጥር አያውቅም፣ ይገባል። ከዚያ ጥይት ይተኮሳል። የምንሞተው እኔና ጀይሉ ነን፤ ያጠረው ሰው አይሞትም፣ ከተማ ነው የሚኖረው። አያቶቻችን ሞተው ሞተው ነው ይህን የተስማሙት። ሕግ የምታወጡት ሰው እንዳይሞት ከሆነ፣ ሕጉ አለ። እሱን አትንኩት።»

«እኔም ቃሌ ይኸው ነው» አሉ ጀይሉ። «አልጨምርበትም፣ አልቀንስበትም።»

ገበያተኛው አጉረመረመ። ወይዘሮ ብፅዓት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ከአቧራው ይሁን ከሌላ እኛ አናውቅም። ኑርሁሴን እፎይ ሊል ሲል ያዮ ወደ እሱ ዞረ።

«አንድ ነገር ቀርቷል። ጨፋን እኔ በሌለሁበት ያነሣው ማነው?»

የከበበው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ አንድ ቦታ ላከ። «እኔ ነኝ» አለ ኑርሁሴን። «አዲስ አበባም አንሥቻለሁ፣ ከሚሴም አንሥቻለሁ። ለመልካም ብዬ ነው። ግን ሐቃችሁን በልቻለሁ። አፉ በሉኝ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ገለል ብለው ተነጋገሩ። ፋጡሜ ጠጋ ብላ፣ «ወይፈን ነው የሚጥሉብህ። ከእኔ ከገዛህ እቀንስልሃለሁ» አለችው። ሊስቅ ፈለገና አቃተው።

ጀይሉ ተመልሰው መጡ። «ወይፈን አንፈልግም» አሉ። «ቃሉን ያበላሸ ቃሉን ይሸከም ብለናል። ያዮ የተናገረውን ትሸከማለህ። ለጠየቀህ ሁሉ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትነግራለህ። ማሳጠር የለም፣ ማሳመር የለም፣ ሌላ ሰው ይናገር ብሎ ማሳለፍ የለም። አማና ነው። ትቀበላለህ?»

ኑርሁሴን ወይዘሮ ብፅዓትን አየ። እሳቸውም አዩት፤ አልረዱትም። መርዳት የማይችሉበት ነገር መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ወይፈን ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት! አሥር ወይፈን ቢሉት ተበድሮም ይሰጥ ነበር። ፈራ። እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ በአገሩ ሰው መካከል፣ እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም። እምቢ ቢል ማንም አይመታውም፤ ሰዉ ዝም ብሎ ወደ ግመሉ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ግን ከሚሴ ገብቶ ለማን ሰላም ይላል?

«ተቀብያለሁ» አለ። «ሐሙስ በስሜ አስመዘግበዋለሁ።»

«አሚን!» አለ ገበያው።

መኪናዎቹ ወደ አዲስ አበባ አፋቸውን አዙረው ገና የሰንበቴን የመጨረሻ ቤቶች ሳያልፉ የኑርሁሴን ስልክ ጮኸ። አቶ ይግዛው ነው።

«ገበያ መሃል ምንድን ነው ያደረግከው? እዚህ ሁሉም ሰምቷል! ስብሰባ ልገባ ነው፤ አቋምህን በአጭሩ ንገረኝ።»

«በአጭሩ አይሆንም፣ አቶ ይግዛው።»

«ምን?»

«አልተፈቀደልኝም። እባክዎ ይቀመጡ።» ኑርሁሴን ጉሮሮውን ጠረገ። «ያዮ እንዲህ አለ። ሣሩን ሰው ስለሌለበት ባዶ አላችሁት። ባዶ አይደለም፤ እኔን እየጠበቀ ነው። ከክረምት እስከ ኅዳር ጀይሉ ይጠብቅልኛል፤ ላሙ...»

ስልኩ ተዘጋ።

ኑርሁሴን መልሶ ደወለ።